ሁለት ጥያቄ በአንድ ቀን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ምርጫ ማለት ሕዝብ የሚያስተዳድረውን ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚሾምበት፣ የተሾመውም ሰው የሾመው ማን እንደሆነ እንዳይዘነጋ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። በአገራችን ሕዝብ እንደራሴዎቹን በድምፅ መምረጥ የጀመረው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ለመምረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ዜጋ ሁሉ ይህን መብት ይሰጣል። እነሆ እኔም በዚህ ዓመት 18 ዓመት ሞላኝ። ያለ ዕውቀት የተያዘ መብት ማንበብ በማይችል ሰው እጅ እንዳለ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ድምፄን ከመስጠቴ አስቀድሞ ስለ ምን እንደምመርጥ ለማወቅ ፈለግሁ።

በክፍላችን በተደረገው ክርክር ላይ የቀረበው ርእስ «የአገርና የከተማ ምርጫ በአንድ ቀን ይደረግን?» የሚል ነበር። ከጓደኞቼ ግማሾቹ «አንድ ቀን ይበቃል» ሲሉ ግማሾቹ «የለም፣ ለየብቻው ይሁን» ብለው ተከራከሩ። እኔ በዚያን ቀን አድማጭ ስለነበርሁ ሐሳቤን ለመግለጽ ጊዜ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ወደድሁ።

በመጀመሪያ፣ በየካ የሚኖር አንድ መራጭ ምን ምን እንደሚመርጥ እንመልከት። አንደኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የዚህ ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ሲሆን፣ ከ547 የምርጫ ክልሎች መካከል 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው። ሁለተኛው 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ይኸውም በአንቀጽ 49 ለከተማዪቱ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር መብት ስለተሰጣቸው ነው። በየክልሉ የሚኖረው ወገናችን ደግሞ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ይመርጣል። የመጀመሪያው ምክር ቤት ስለ አገር መከላከያ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ውጭ ግንኙነት ሲመክር፣ ሁለተኛው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ቤትና ስለ ትምህርት ቤት ይመክራል። ሁለቱም ለእኛ አስፈላጊዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ አይደለም።

ሁለቱን ምርጫዎች ማጣመር ምን እንደሚያስከትል ከ1997 ዓ.ም. ታሪክ ልንማር እንችላለን። በዚያ ዓመት ግንቦት 7 ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሁለቱም ምክር ቤቶች በአንድ ቀን ድምፁን ሰጠ። ቅንጅት በመባል የታወቀው የተቃዋሚዎች ኅብረት የከተማዪቱን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት ደግሞ 137ቱን አገኘ። ነገር ግን ስለ አገር አቀፉ ውጤት ብርቱ ክርክር ተነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ የተመረጡትም ሰዎች የከተማውን አስተዳደር ሳይረከቡ ቀሩ። ከተማዪቱ በባለ አደራ አስተዳደር ስትመራ ቆይታ፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በአካባቢ ምርጫ እንደገና መረጠች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። የከተማው መቀመጫ ማን እንዳሸነፈ በግልጽ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ በአገሩ ጠብ ምክንያት ከተማዪቱ የመረጠችውን አስተዳደር ሳታገኝ ቀረች። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይመስለኛል።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የምርጫ ቦርድ መጀመሪያ አገር አቀፉን ምርጫ ለግንቦት 28፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ከተማ ምርጫ ለሰኔ 5 ቀን ቀጥሮ ነበር። በኋላ ግን ሁሉም ሰኔ 14 ቀን ሰኞ በአንድነት ተደረገ። ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ስለነበርሁ ዕለቱን በደንብ አስታውሳለሁ። እናቴ ከጧት ጀምራ ስትሰለፍ ሰማዩ ስለጠቆረ ጃንጥላ ወሰድሁላት። ሰልፉ እጅግ ረዥም ነበር፤ የድምፅ መስጫውም ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት መራዘሙ ተነገረ። ወደ ቤት ስትመለስ፣ «ለከተማውስ ማንን መረጥሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ድምፅ ምሥጢር ነውና ስሙን አልነገረችኝም። ነገር ግን ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ልጄ፣ በአንደኛው ወረቀት ላይ ያደረግሁትን በሁለተኛውም ላይ ደገምሁት» አለችኝ።

እናቴ ነገር የማትመረምር ሴት አይደለችም፤ ሬዲዮ ታዳምጣለች፣ ያገኘችውንም ጋዜጣ ታነባለች። ነገር ግን ለብዙ ሳምንታት የሰማችው ንግግር ስለ አገር አንድነትና ስለ ሰላም ነበር፤ ይህም ተገቢ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ላለነው ሰዎች ውኃ በፈረቃ መምጣቱ መቼ እንደሚቀር ግን የነገራት ተወዳዳሪ አልነበረም። በመገናኛ ስለሚቆመው የታክሲ ሰልፍ፣ በሾላ ገበያ ስለሚነግዱ ሴቶች ወይም በኮተቤ ስለ ተማሪዎች መጨናነቅ የጠየቀ ሰው ቢኖር እንኳ ድምፁ በትልቁ ድምፅ ተውጦ ይቀር ነበር። የምንጠጣው ውኃ አንዱ ምንጭ የሆነው የለገዳዲ ግድብ ከከተማዪቱ ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል። ከጎረቤት ክልል ጋር በጉዳዩ የሚመክረው የከተማ ሹም ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ለመጠየቅ አንድ ቀን ቢሰጠን ይበዛብናልን?

ይሁን እንጂ የተቃራኒው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንጨት እየተሸከሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት ጎረቤት አሉን። ይህን ርእስ ባነሣሁላቸው ጊዜ ሸክማቸውን ከግንብ ላይ አስደግፈው እንዲህ አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ለእናንተ ሁለት ቀን ማለት ሁለት ቀን ወሬ ነው። ለኔ ግን የሁለት ቀን እንጀራ ነው። አንድ ቀን ተሰልፌ ብውል ያን ዕለት የሚበላ የለም፤ ሁለት ቀን ስትሉኝ እቀራለሁ።» ይህን በሰማሁ ጊዜ መልስ አጣሁ። በክርክራችን ላይ ስለ ወረቀት ማሳተሚያና ስለ አስመራጮች አበል ብዙ ተብሎ ነበር፤ ስለ እርሳቸው እንጀራ ግን ማንም አላነሣም። ሁለተኛው ቀን ድሀውን ከሰልፉ የሚያስቀር ከሆነ፣ የከተማውን ምክር ቤት የሚመርጡት ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ብቻ ይሆናሉ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ለብቻው የቆመ ምርጫ ለመዘግየት ይቀላል። በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. የከተማውና የአካባቢው ምርጫ ለብቻው ተደረገ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ስላገለሉ ቀኑ ቢለይም ውድድር አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባ የነበረው ደግሞ ተላለፈና፣ በ2005 ዓ.ም. የተመረጠው የከተማ ምክር ቤት አምስት ዓመት የነበረው ዘመኑ ተራዝሞ እስከ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ሌላ ሳይመረጥ ቆየ።

ቀን መቁረጥ የዋዛ ነገር አለመሆኑንም በ2012 ዓ.ም. አይተናል። በኮሮና በሽታ ምክንያት ለነሐሴ 23 ቀን ታስቦ የነበረው አጠቃላይ ምርጫ ተላለፈ። የትግራይ ክልል ግን ጳጉሜን 4 ቀን ለብቻው ምርጫ አደረገ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ይህን ሕጋዊ አይደለም አለ። ከሁለት ወር በኋላ ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ምርጫው መቼ ይደረግ በሚለው ጥያቄ ላይ አለመስማማት አንዱ እንደነበረ የሚካድ አይደለም።

የሌላውንም ዓለም ብናይ ትምህርት እናገኛለን። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1951 እስከ 1967 ዓ.ም. ሕንድ የማዕከላዊውንና የክፍላተ አገሩን ምርጫ በአንድነት ታደርግ ነበር። በ1968ና በ1969 አንዳንድ የክፍላተ አገር ምክር ቤቶች ከዘመናቸው በፊት ስለፈረሱ አንድነቱ ተቋረጠ፤ መንግሥቱም እንደገና ለማጣመር በ2024 የሕግ ረቂቅ አቀረበ። ኢንዶኔዥያ በበኩሏ በ2019 አምስት ዓይነት የድምፅ ወረቀት በአንድ ቀን አቀረበች፤ በመቶ የሚቆጠሩ አስመራጮችም ከድካም ብዛት የተነሣ ታመው ሞቱ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2025፣ ከ2029 ጀምሮ የአገሩና የአካባቢው ምርጫ እንዲለያይ ወሰነ። በጀርመን አገር ደግሞ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በየራሱ ቀን ይመርጣል። እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን በሽታ መርምሮ ማወቅ ይኖርበታል።

በበኩሌ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው። የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች ምርጫ እንደ እስካሁኑ አንድ ላይ ቢሆን አልቃወምም። የከተማዪቱ ምርጫ ግን የራሱ ቀን ሊኖረው ይገባል። ቀኑም በየጊዜው በሹማምንት ውሳኔ የሚገፋ ሳይሆን፣ ሁሉም ወገን ተስማምቶበት በሕግ የታሰረ መሆን አለበት፤ አለዚያ የ2010 ዓ.ም. ነገር ይደገማል። ስለ ጎረቤታችን እንጀራም መፍትሔ አለ። የ1997፣ የ2000 እና የ2005 ዓ.ም. ምርጫዎች የተደረጉት በእሑድ ቀን ነበር። እርሳቸውም እሑድ እንጨት አይሸከሙም። ምርጫ ጣቢያው በየመንደሩ ቢቀርብና ቀኑ እሑድ ቢሆን፣ ከቅዳሴ መልስ ድምፃቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው ለመግባት ይችላሉ። ይህን ስነግራቸው፣ «ሰልፉ አጭር ከሆነ እመጣለሁ» አሉኝ። እኔ ይህን መልስ ከክርክሩ ሁሉ አብልጬ እመለከተዋለሁ፤ ምክንያቱም ማንኛውም የምርጫ ሕግ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ሲመጣ ነው።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን በቅርቡ መራጮች እንሆናለን። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ቀን ቢሰጡን እንኳ፣ ሁለት ጥያቄዎች መሆናቸውን አንርሳ። በአንደኛው ወረቀት ፊት ስንቆም አገራችንን፣ በሁለተኛው ፊት ስንቆም ደግሞ የምንኖርበትን መንደር እናስብ። ወላጆቻችንም ተወዳዳሪ ወደ ሰፈራችን በመጣ ጊዜ ስለ ውኃውና ስለ መንገዱ እንዲጠይቁት፣ መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን ክርክር በየዓመቱ እንዲያዘጋጁልን በትሕትና እለምናለሁ።