ጉልበት ቢደክምም ላኪሽ ፓርክ

አሽዶድ ከመጣችሁ የልጅ ልጆች የሚጎትቷችሁ ወደ ላኪሽ ፓርክ ነው። በላኪሽ ወንዝ ዳር የተዘረጋ ነው፤ እንስሳት ስላሉበት ልጆች ቶሎ አይጠግቡትም። ጉልበት የሚያማቸው ወላጆች ግን «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ይላሉ። ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሩ የተጓዘ ሰው በወንበር መገፋት ያሳፍረዋል። ግን እኮ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄዳችሁት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ነው። ዛሬም ቁም ነገሩ አብሮ መሄዱ ነው።

ከ1976 ጀምሮ የሚሠራው ያድ ሣራ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ተሽከርካሪ ወንበር፣ ኪሴ ጋልጋሊም፣ በመያዣ ያውሳል። ከጉዞው ቀን በፊት ውሰዱት። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ውጡ፤ ውኃ ያዙ፤ ሳይደክማችሁ ጥላ ሥር ዕረፉ። የወንዙ ዳር ሜዳ ስለሆነ ወንበሩን ለመግፋት አያስቸግርም። ነቢዩ ዮናስ ተቀብሮበታል የሚባለው ጊቭአት ዮና ግን ዳገት ነውና ለሌላ ቀን ይቆይ።

ሽማግሌን ማክበር የኦሪት ትእዛዝ ነው፤ የልጅ ልጅ ወንበር ቢገፋ ውርደት የለበትም። እሱ ይግፋ፣ እናንተ ስለዚያ ስለ ሱዳኑ መንገድ ንገሩት።