ዛሬ ተራው የማን ነው?

«ዛሬ ተራው የኔ ነው!»

«ትናንት ያጠብከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ደብረ ብርሃን የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። እንዲያም ሆኖ እኛ ቤት ሲመሽ ከምድጃው ዳር ተነቃንቀን ለሳፋና ለማንቆርቆሪያ እንጣላ ነበር። የአባዬ ኮቴ በር ላይ ሲሰማ አንዱ በርጩማ ያቀርባል፣ አንዱ ውኃ ያወርዳል፣ ሌላው ጋቢ ይዞ ይቆማል። ወይ የዚያ ዘመን ደስታ! እግር ማጠብ ሥራ ነው ያለን ሰው አልነበረም።

አባዬ በረባሷቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። ለብ ያለው ውኃ ሲነካቸው «እሰይ!» ይላሉ። የመንገዱ ጭቃ ከጣቶቻቸው መሀል እየለቀቀ ይወርዳል። ተረከዛቸው ላይ ያለውን ንቃቃት በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ ማሸት፣ በነጠላ ጫፍ ማድረቅ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን መሳም። ምርቃቱ የሚዘንበው ያኔ ነው፦ «እደግ! ተመንደግ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ!» የኛ «አሜን!» ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ተራ ያልደረሰው «እኔንስ አባባ?» ሲል «ያንተ ነገ ነው» ይሉና ይስቃሉ። የጠቡ ሁሉ ምክንያት ይኸው ምርቃት ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባትና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝ ከተስፋ ጋር የመጣ መሆኑን ያስታውሳቸዋል። እኛማ ተስፋውን እዚያው ሳፋው አጠገብ በየማታው እየተቀበልን እናድር ነበር!

ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህኑ ዝቅ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ፤ ጌታ በዚያች ምሽት የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡ ይታሰባል። ታናሽ ታላቁን ሲያጥብ ላደግን ልጆች፣ መምህሩ ለተማሪዎቹ ማጎንበሱ ጉድ ነበር። ጴጥሮስ መጀመሪያ እንቢ ማለቱ አይገርመኝም።

የገባኝ ግን ቤታችን ውስጥ ነው። አንድ ክረምት የእማዬ እግር አብጦ መቆም አቃታት። አባዬ ለማናችንም ተራ ሳይሰጡ ሳፋውን ራሳቸው አምጥተው ፊቷ ተንበረከኩ። በዚያ ዘመን፣ ያውም በልጆች ፊት! እማዬ እግሯን ብትሰበስብ ያዝ አደረጉት። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት «ኧረ በስመ አብ!» ብላ በር ላይ ቀረች። አባዬ ቀና እንኳ ሳይሉ «ጌታ ካጎነበሰ እኔ ማን ሆኜ ነው?» አሉ። እስከ ዛሬ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን አልሰማሁም።

አሁንስ? አሁን ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ሙቅ ውኃው ከሻወር ይወርዳል፣ አባዬም በረባሶ ካደረጉ ዘመን ሆኗቸዋል። በጸሎተ ሐሙስ ግን ሳፋው ይወጣል። ከአዲስ አበባ የመጡት የልጅ ልጆች «ተራው የኔ ነው!» እያሉ ሲጯጯሁ በሳቅ እንሞታለን። ውኃው ወለሉን ሲያጥለቀልቀው እማዬ ትቆጣ ይሆን ብለን ብናይ እሷ ከሁላችን በላይ ትስቃለች። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በቪዲዮ ሆና «ንቃቃቱን ቫዝሊን ቀቡላቸው እንጂ!» ብላ ታዝዛለች፣ ቀጥላም «ስልኩን እግራቸው ላይ አስጠጉልኝ፣ ልሳም» ትላለች።

የፋሲካ ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ነው። ያኔ እማዬ 55ቱን ቀን ጾማ፣ በላዩ አክፍላ፣ እህል ሳይቀምስ በሰነበተ አፏ ዶሮውን በ12 ብልት ታወጣለች። ወጡን አትቀምሰውም፤ ጨው መጉደሉን በሽታው ትለየዋለች። ቅዳሴው አልቆ ስንገድፍ ሁላችንን አጉርሳ ለራሷ የምታስቀረው አንገቱን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካችን ሚያዝያ 12 ውሎ ከምዕራባውያኑ ጋር ገጠመና ዓለም ሁሉ አብሮን የፈሰከ መሰለን። ያን ሌሊት ልጆች ተማክረን ፈረሰኛውን ለእማዬ አወጣንላት። «የአባወራ ነው!» ብላ ወደ አባዬ ገፋችው። አባዬ መለሱላት። ደግማ ገፋች። በመጨረሻ አባዬ ፈልቀቅ አድርገው በእንጀራ ጠቀለሉና «በሞቴ!» አሏት። አፏን ሞልታ እየሳቀች መልሳ ስታጎርሳቸው ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እህቴ ዘንድ ገና ቅዳሜ ማታ ነው፤ አልገደፈችም። እልልታዋ ግን ኔትወርኩ እየቆራረጠው ከኛ ዘግየት ብሎ ሲደርስ እኛም እንደገና ጀመርነው።