የማራኔሎ ደጅ ጥናት

ገንዘብ የማያሳስበው ሰው ፌራሪና ላምቦርጊኒ ቢቀርቡለት በምን የሚመርጥ ይመስልዎታል? «በፍጥነት» ካሉ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋሉ፤ ገዢዎቹ ደግሞ እንደ እርስዎና እንደ እኔ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ጥያቄው ሲከነክነኝ ቆይቶ፣ ባለፈው ዓመት ከባለቤቴና ከሰባት ዓመት ልጃችን ጋር ሰሜን ጣሊያን ስንሄድ መኪኖቹ የሚሠሩበትን አካባቢ የጉዟችን አካል አደረግነው።

አካባቢው ኤሚሊያ ሮማኛ ይባላል። ከቦሎኛ ተነስተው ወደ ሞዴና በባቡር ሲሄዱ በመስኮት የሚያዩት የወይን እርሻና ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ሀገሩ በፓርሚጃኖ አይብና በኮምጣጤው ይታወቃል። ኤንዞ ፌራሪ በ1898 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ሞዴና ነው። ማሴራቲም የዚችው ከተማ ነው። ፌራሪ የሚሠራባት ማራኔሎ ከሞዴና በስተደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር አትርቅም፤ አውቶቡስ አለ።

ማራኔሎ ትንሽ ከተማ ናት። ሙዚየሙን በትኬት ይገባሉ። ፋብሪካውን ግን እንደ እኔ ያለው ጎብኚ የሚያየው በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ መውረድ አይቻልም። ወርዶ መኪናው ሲገጣጠም የሚያይ፣ የወንበሩን ቆዳና የክሩን ቀለም ቁጭ ብሎ የሚመርጥ ደንበኛው ነው። ደንበኛ መሆን ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

ከአሮጌው የፋብሪካ በር ፊት ለፊት ካቫሊኖ የሚባል ምግብ ቤት አለ፤ ኤንዞ ፌራሪ ምሳቸውን ይበሉበት የነበረ ነው። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ጀርመናዊ አዛውንት ከልጃችን ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ታሪካቸውን አወጉን። መጀመሪያ የገዙት ያገለገለ ፌራሪ ነው። ከዚያ አዲስ፣ ግን ተራውን ሞዴል። ሰርቪሱን በወቅቱ አሠሩ፤ አትርፌ ልሽጠው ብለው አልተጣደፉም፤ እንዲያ ያደረገ ሰው ለቀጣዩ መኪና ወረፋው ውስጥ ስሙ አይገኝም አሉን። አሁን በቁጥር ተወስነው ከሚሠሩት አንዱን እየጠበቁ ነው። ሚስታቸው ሳቅ ብለው፣ «እኔን ለማግባት ይህን ያህል አልደከመም» አሉ።

እኔ ግን ትዝ ያለኝ የእኛው ደጅ ጥናት ነው። የድሮ ሰው ሹመት ወይም ርስት ፈልጎ ከጌታው ደጅ ይከርም እንደነበረው፣ የራሳቸው ገንዘብ በኪሳቸው እያለ እዚህ ደጅ የሚጠኑ ሚሊየነሮች አሉ። ፌራሪ በ2024 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሁሉ ያስረከበው 13,752 መኪና ነው። በዚያው ዓመት ይፋ ያደረገው ኤፍ 80 ደግሞ 799 ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው፤ ለማን እንደሚሸጥ የመረጠው ፋብሪካው ነው። በሙያዬ ደንበኛን ለምነን ስናመጣ እንጂ ደንበኛ ሲለምን አላየሁም ነበር።

ሳንታጋታ ቦሎኜዜ፣ የላምቦርጊኒ መንደር፣ ከማራኔሎ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ሙዚየሙ ከፋብሪካው ጋር ተያይዞ ነው የተሠራው። አስጎብኚዋ በእንግሊዝኛዋ መሀል «ፍሪሲዮኔ» ስትል ከቡድኑ ሳይተረጎምልን የገባን እኛ ብቻ ነበርን፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ የሚሉት የጋራዦቻችን ቃላት ከዚሁ ከጣሊያን የመጡ ናቸውና።

ታሪኩም የፍሪሲዮን ነው። የገበሬ ልጅና የትራክተር አምራች የነበሩት ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ፌራሪ ገዝተው ፍሪሲዮኑ ቢያስቸግራቸው ለኤንዞ አቤት አሉ፤ አንተ ትራክተር መንዳት እንጂ ፌራሪ አታውቅም የሚል ዓይነት መልስ ደረሳቸው ይባላል። ቃል በቃል እንዲህ ተባባሉ ብዬ አልምልልዎትም። እርግጡ ነገር በ1963 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የመኪና ፋብሪካ እዚህ መሥርተዋል፤ ዓርማውም ለመውጋት ያቀረቀረ ኮርማ ነው።

እንግዲህ የሁለቱ ገዢዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፌራሪ የሚገዛው የእሽቅድምድም ታሪክ ያለው ትልቅ ቤት ገብቶ ከቤተሰቡ ልቆጠር የሚል ነው። ላምቦርጊኒ የሚገዛው ደግሞ ማን ንቆኝ እንደነበር አስታውሳለሁ የሚል፣ ወይም በቀላሉ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው የሚፈልግ ነው። ቀለሞቹን ይዩዋቸው፦ የሎሚ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ። በእርግጥ እዚህም ወረፋ አለ፤ ኩባንያውም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመኖቹ በአውዲ እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የቤት ጉዳይ አለ። ላምቦርጊኒ በ2024 እ.ኤ.አ. ካስረከባቸው 10,687 መኪኖች ከግማሽ በላዩ ኡሩስ ነው፤ አምስት በር ያለው፣ ከፍ ያለ፣ የልጅ ወንበር የሚገባበት መኪና። ፌራሪም በ2022 እ.ኤ.አ. አራት ሰው የሚይዘውን ፑሮሳንግዌን አወጣ። ወገባቸውን የሚያማቸው አያትና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ የሚሊየነርንም ምርጫ ያስቀይራሉ ማለት ነው።

ልጆች ይዘው ከሄዱ ሳንታጋታን ያስቀድሙ፤ ወደ ላይ የሚከፈቱት በሮች የእኛዋን ለግማሽ ሰዓት አፍዝዘዋታል። «አዲስ አበባ እንውሰዳት» ስትለኝ፣ የነዳጅ መኪና ወደ ሀገራችን ማስገባት ክልክል ነው አልኳት። ለአንድ ጊዜ እንኳ «ገንዘብ የለንም» ሳልል አመለጥኩ። ባለቤቴ ከማራኔሎ የገዛው ቀይ ኮፍያ አሁንም ዋጋው አልተነገረኝም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ የጠበቀኝ ሥራ የበዓል ባነር ነበር። «እስከ 20 በመቶ ቅናሽ» ብዬ ጻፍኩበት።