የየትኛው ሳምንት ነው?

ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ካንታታ ስለሚባል አንድ የቆየ የዝማሬ ዓይነት ነው። የጀርመን ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በእሑድ አምልኮአቸው ይዘምሩት ነበር። «ለደምበጫ ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም።

እኛ በደምበጫ በአንድ ቤት የምንሰበሰብ ዐሥራ ሰባት ሰዎች ነን። ከተማችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። ስሟ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው አረቄዋን ነው፤ ይህ ለእኛ ለወንጌል አማኞች የማያኮራ ዝና ቢሆንም እውነት ነው። እዚህ ያደገ ሰው ግን ከአረቄው ይልቅ የሚያውቀው የዓመቱን መዞር ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌ ነው፤ ከገና በፊት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይከተላሉ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ እያለ እስከ ሆሣዕና ይወርዳል። እያንዳንዱ ሰንበት የራሱ ስም፣ የራሱ ምንባብና በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ የራሱ ዜማ አለው። ጎጃም ደግሞ ዋሸራና ዲማ፣ ደብረ ኤልያስም ያሉበት አገር ነው፤ ያልተማረው እንኳ በጆሮው ያውቃል።

በእኛ ዘንድ ገናን፣ ስቅለትንና ትንሣኤን እናከብራለን። የቀረው ሰንበት ሁሉ እሑድ ነው፤ ምንባቡንም ተረኛው ሰባኪ በጸሎት ይመርጣል። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት ጎረቤታችን ከቅዳሴ ሲመለሱ በራችን ላይ አገኙን። «ልጆቼ፣ እናንተ ዘንድ የዛሬው ሰንበት ማን ይባላል?» አሉን። «እሑድ ነዋ፣ እማማ!» አልናቸው። ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን አብሮን ወደ ቤት ገባ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ በመካነ ኢየሱስ ጉባኤ የሚያገለግል ወንድማችን በሚሞሪ ካርድ መዝሙሮች ላከልን። መካነ ኢየሱስ፣ እንደምታውቁት፣ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችና የሉተራን እምነት ያላት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከመዝሙሮቹ ጋር የጥቂት ካንታታዎችን ሐሳብ በአማርኛ በደብተር ጽፎ ላከ። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ሆኖ ድጓ ቤት የቆየ ነው፤ በቀልድ «መሪጌታ» እንለዋለን። ሌሎቻችን «ይህ ምን የሚባል መሣሪያ ነው? ስንት ሰው ነው የሚዘምረው?» ስንል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «የየትኛው ሳምንት ነው?» አለ።

ደብተሩን ስናገላብጥ በእርግጥም በየራሱ ካንታታ ላይ ሳምንቱ ተጽፏል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሉተራን ዓመት የሚጀምረው ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች፣ በአድቬንት ነው። ከዚያ ገና፣ ጾም፣ ፋሲካ፣ ጰንጠቆስጤና የሥላሴ እሑድ ይመጣሉ። ከሥላሴ በኋላ ያሉት እሑዶች ስም የላቸውም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ እሑድ የተመደበ ወንጌል አለ። ወንጌሉ ከተነበበ በኋላ፣ ከስብከቱ በፊት፣ መዘምራኑና ባለመሣሪያዎቹ ያንኑ ክፍል በዝማሬ ይተረጉሙታል። ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ካንታታ ማለት ይህ ነው። በአጭሩ ከስብከት በፊት የሚሰበክ ስብከት ነው ብንል የሚበዛበት አይመስለንም።

ከሁሉ የሚታወቀው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1723 ላይፕዚግ ከተማ ገባ፤ እስኪሞት እስከ 1750 በዚያ አገለገለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አዲስ ካንታታ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ሁለት መቶ ያህል የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎቹ በእጅ ይገኛሉ። ከሃያ ልጆቹ ዐሥሩ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ሞተውበታል። ቤቱ ሐዘን ተቀምጦ ሳለ የሳምንቱ ወንጌል የደስታ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ሲደሰት ደግሞ የሞት ወንጌል ይደርሳል። ወንጌሉን የሚመርጠው እሱ አልነበረም። በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» ማለት የሆኑትን ሦስት የላቲን ፊደላት ይጽፍ ነበር።

እኛም ለአንድ ዓመት እንሞክረው ተባባልን። መሪጌታችን ምንባቦቹን ከደብተሩ ወስዶ በእኛ ገናና ፋሲካ እየቆጠረ ሠንጠረዥ አወጣ። በነገሩ ያልተስማማ አንድ ሽማግሌ ወንድም ነበረን። ገላትያ 4፥10ን ገልጦ «ጳውሎስ ቀንና ወር፣ ዘመንና ዓመት ስለሚጠብቁት ሰዎች ፈራሁ ያለውን እኛ ልንጀምረው ነው? ከወጣንበት ልንመለስ ነው?» አለ። ጥያቄው በጎጃም ቀላል አይደለም። እዚህ ወንጌልን የተቀበለ ሰው ከቀን መቁጠሪያም፣ ከማኅበርም፣ አንዳንዴ ከእናት ማዕድም ተለይቶ የመጣ ነው። ብዙ ተነጋገርን። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1526 የጀርመንኛውን የአምልኮ ሥርዓት ሲያወጣ የእሑድ ወንጌሎችን እንዳለ አቆይቷቸዋል፤ የጽድቅ ምክንያት አድርጎ ግን አላስተማራቸውም። የተሰጠን ሰንጠረዥ አንድን ሰው በእግዚአብሔር ፊት አያጸድቅም፤ ሰባኪን ግን የሚወደውን ክፍል ብቻ እየደጋገመ እንዳይሰብክ ይይዘዋል። ሽማግሌው ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። እሑድ እሑድ ግን መምጣቱን አላቋረጠም፤ እንዲያውም ከሁላችን ቀድሞ ምንባቡን አጥንቶ የሚመጣው እሱ ሆነ።

ከሥላሴ በኋላ ያለው 16ኛው እሑድ ሲቃረብ ግን ነገሩ ከበደን። የቀኑ ወንጌል ሉቃስ 7፥11-17 ነው፤ የናይኗ መበለት አንድ ልጇን ልትቀብር ስትወጣ ጌታ ያገኛታል። በእኛ አቆጣጠር ይህ እሑድ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ውስጥ ይውላል። ሜዳው አደይ በሆነበት፣ በየደጁ የበቆሎ እሸት በሚጠበስበት፣ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» በሚባባልበት ወር ማለት ነው። ከመካከላችን አንዲት እኅት ከዓመት በፊት ልጇን ቀብራለች። ብቸኛ ልጇ ነበር። እኛ በጉባኤ የምንዘምረው መዝሙር አብዛኛው የድል ነው፤ መዝሙር ሲጀመር ሹልክ ብላ ትወጣና ስብከት ሲጀመር ትገባ ነበር። ማንም ምንም ብሏት አያውቅም። ተረኛው ሰባኪ ሳምንቱን እንዝለለው አለ። ሰማች። «ጌታ ልጇን አስነሣላት፤ የእኔን አላስነሣም። እሱን አውቀዋለሁ። በእኔ ምክንያት ግን አትዝለሉት» አለች።

አልዘለልነውም። ወንጌሉ ተነበበ፤ ከዚያ ባኽ ለዚሁ እሑድ እ.ኤ.አ. በ1724 የጻፈውን ካንታታ በስልክ ስፒከር አሰማን። በነገራችን ላይ ባኽ ለዚህ እሑድ የጻፋቸው አራት ካንታታዎች ቀርተዋል፤ አራቱም ስለ ሞት ናቸው። የ1724ቱ የሚጀምረው ነፍስ «ጌታ ሆይ፣ መቼ ነው የምሞተው?» በሚል ሐሳብ እግዚአብሔርን ስትጠይቅ ነው። ሌሎቹ መሣሪያዎች በቀስታ ሲሄዱ፣ ዋሽንቱ ከላይ አንዱኑ ድምፅ ቶሎ ቶሎ ይደጋግማል። ደብተሩ ላይ «የቀብር ደወል ነው» ተብሎ ተጽፏል። እኅታችን ይህን ሳይነግሯት ቀና አለች። «ይሄ የእነሱ ጥሩምባ ነፊ ነው» አለች። በእኛ ከተማ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ማለዳ በየሰፈሩ ሲዞር የሰማ ሰው ይህን ለማወቅ ጀርመንኛ አያስፈልገውም።

ካንታታው እንዲሁ አይቀርም። ወደ መጨረሻው ግድም በወፍራም ድምፅ የሚዘምር አንድ ሰው ሊጨፍር በሚመስል ዜማ ጭንቀቱን ሂድ ይለዋል፤ ኢየሱስ ጠርቶኛል፣ ማን አይሄድም ይላል። ስንጨርስ ፊቷን አየናት። «እዚያኛው ላይ ገና አልደረስኩም» አለች። አንዳችንም ልናፋጥናት አልሞከርንም። መሪጌታችን ብቻ «ግድ የለም፤ ለዓመቱ ተመልሶ ይመጣል» አላት። ለእኛ የቤተ ክርስቲያን ዓመት ጥቅም የገባን ያን ጊዜ ይመስለናል። የናይን ወንጌል አንድ ጊዜ ተሰብኮ የሚያልፍ ቢሆን፣ ያን ቀን ካልተጽናናች አለፈባት ማለት ነበር። በዓመቱ ግን በአደይ መካከል እንደገና ይጠብቃታል።

ሌላው ያስደነቀን ዝምታው ነው። በላይፕዚግ ከአድቬንት ሁለተኛ እሑድ እስከ ገና፣ እንዲሁም በፋሲካ ጾም፣ ከጥቂት በዓል በቀር ካንታታ አይሰማም ነበር። ባኽ በ1724 ሳምንታት ዝም ብሎ ቆይቶ የስቅለት ዕለት በዮሐንስ ወንጌል ላይ የተመሠረተውን ታላቅ የሕማማት ድርሰቱን አሰማ። መሪጌታችን ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። የጎረቤቶቻችንም ከበሮና ጸናጽል በዐቢይ ጾም ይቀመጣል፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይባላል። እኛ ዘንድ ኪቦርዱ ዝም ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ለመጪው ጾም ኪቦርዱን በጨርቅ ሸፍነን በድምፃችን ብቻ ልንዘምር ተስማምተናል። ኪቦርድ የሚመታው ወጣት ደስ አላለውም፤ ሕማማት ላይ ምን እንደሚል እናያለን።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ከሥላሴ በኋላ ለ27ኛው እሑድ የተጻፈ ካንታታ ነው። ወንጌሉ ማቴዎስ 25፥1-13፣ የዐሥሩ ቆነጃጅት ምሳሌ ነው። መሠረት ያደረገው መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1599 የታተመ ሲሆን፣ የጻፈው ፊሊፕ ኒኮላይ የሚባል መጋቢ በቸነፈር ዘመን ብዙ ምእመናኑን የቀበረ ሰው ነው። 27ኛው እሑድ የሚኖረው ፋሲካ እጅግ ቀድሞ በሚውልበት ዓመት ብቻ ነው። ባኽ ላይፕዚግ በኖረበት ዘመን ሁሉ የመጣው ሁለት ጊዜ፣ በ1731ና በ1742 ነበር። ሙሽራው የሚጠበቅበት እሑድ ራሱ እንዲህ የሚጠበቅ ነው። በካንታታው ውስጥ ነፍስና ጌታ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፤ እሷ መቼ ትመጣለህ ትላለች፣ እሱ እየመጣሁ ነው ይላል።

«በእኛስ መቼ ነው?» አለ ሽማግሌው፣ ያው የገላትያው ወንድም። መሪጌታችን ወረቀት ጠየቀና ባሕረ ሐሳቡን ማስላት ጀመረ። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ እያለ በጣቱ ቆጠረ። የመጨረሻው ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር አለ፤ ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እዚህ ቤት አልነበርንም። ቀጣዩ በ2021 ፋሲካ መጋቢት 30 ሲውል፣ ኅዳር 30 ቀን 2022 ዓ.ም. ይሆናል።

ሽማግሌው ዕድሜውን ደመረና «እስከዚያ ጌታ ካልመጣ ወይም እኔ ካልሄድኩ፣ ምንባቡን እኔ አነባለሁ» አለ። እኅታችን እርሳሱን ወስዳ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ጠርዝ ላይ ቀኑንና የእሱን ስም ጻፈች።