ለሁለት ሰውና ለአንድ ውሻ ማደሪያ፦ በአባዱላ ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና ዳር

የውጭ አገር የጉዞ መጽሔቶችን የምታገላብጡ ከሆነ ፎቶውን ታውቁታላችሁ። ባልና ሚስት፣ ከኋላቸው በመኪና የሚጎተት ነጭ ቤት፣ ከፊታቸው ባሕር፣ አጠገባቸው ምላሱን ያወጣ ውሻ። ሆቴል አይዙም። በመሸበት ያቆማሉ፣ ሻይ ያፈላሉ፣ ጠዋት ይቀጥላሉ። ለማደሪያ ሳንቲም አያወጡም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ተጎታች ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ ባሕሩም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሰው ሆኗል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ጎጃምን ብታቋርጡ መንገዱ የሚያደርሳችሁ «ባሕር ዳር» የሚባል ከተማ ነው። ጣናን ባሕር ብሎ የጠራ ሰው የጎደለው ነገር እንዳለ አልተሰማውም። እኔ፣ ባለቤቴና ቦቢ የሚባለው ውሻችን በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስምንት ቀን የተጓዝነው ይህንን መንገድ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበላችሁ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ብዙ ነገር ሆኗል፤ ዛሬ የጎጃምን መንገድ የሚያስብ ሰው ከነዳጅና ከምግብ በፊት የሚጠይቀው ስለ ሰላሙ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ «ነገ ተነሡ» እንደሚል ማስታወቂያ አታንብቡት። ቆርጣችሁ አስቀምጡት፤ ቀኑ ሲደርስ ታወጡታላችሁ።

ቤት የሆነው አባዱላ

መኪናችን ከዘመድ የተዋስነው አባዱላ ነበር። የኋላ ወንበሮቹን አስፈትተን በጣውላ ርብራብ ላይ ፍራሽ ዘረጋን። ከፍራሹ ሥር ሁለት የውሃ ጀሪካን፣ ትንሽ ቡታ ጋዝ፣ አንድ ድስት፣ ጀበና፣ ባትሪና ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ገባ። ለመስኮቶቹ ከአሮጌ አንሶላ መጋረጃ ሰፋሁ። ለቦቢ ምንጣፉን፣ የውሃ ሳህኑን፣ ማሰሪያውንና የክትባት ካርዱን ያዝን።

ካርዱን በቀልድ አትዩት። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። ውሻችሁን ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አስከትቡ። እናንተን የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በብዙ ውሃና ሳሙና ለሩብ ሰዓት ያህል አጥባችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ቁልቁለቱ

ጎሐ ጽዮን ላይ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከዚያ እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጥምዝምዝ መንገድ አለ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ታያላችሁ፣ ታች መስኮት ከፍታችሁም ያልባችኋል። ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋልና በከባድ ማርሽ ውረዱ። ማልዳችሁም ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ከከባድ መኪና ኋላ መጎተት መንገዱን እጥፍ ያደርገዋል።

ታች ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። በወፋፍራም የብረት ገመዶች የተያዘው አዲሱ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ነው። ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው መኪና ይጠብቃሉ። ቦቢ ሲያያቸው መስታወቱን ሊበላው ደረሰ። እዚህ ውሻችሁን አታውርዱ። መንጋ ዝንጀሮ ከአንድ ውሻ ይበረታል።

ደብረ ማርቆስ፦ ዘመድ ሳለ በመኪና?

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ማርቆስ ትገኛለች፤ ከፍታዋ ወደ 2,450 ሜትር ነው። የድሮ ስሟ መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የጎጃም ንጉሥ የተባሉት ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፤ ከተማዋም በቤተ ክርስቲያኑ ስም ተጠራች። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የገቡት እዚህ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁም የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው በጎጃም ሲያልፍ የመንገድ ምልክቶቹ ሁሉ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ማንኩሳ ከቡሬ መንገድ ላይ ናት፤ ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ በቢቸና በኩል ነው።

ባለቤቴ እዚህ አክስት አሉት። መኪና ውስጥ እንደምናድር ስንነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ዘመድ ሳለ በመኪና? ጎረቤት ምን ይለኛል?» አሉ። ባለቤቴ ጉዞው እንደዚያ ታስቦ እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን በእንጀራ ላይ ወጥ እየጨለፉ፣ «እንግዲያው መኪናው ግቢ ይደር፣ እናንተ ቤት እደሩ፣ ውሻው መኪናውን ይጠብቅ» ብለው ሸንጎውን ዘጉት። ቦቢ ለአንድ ሌሊት የቤቱ ብቸኛ ጌታ ሆነ።

ጠዋት ስንሰናበት የሰጡንን ምክር ለእናንተም ላቀብላችሁ። «ገጠር ስታድሩ ገንዘብ አትዘርጉ፤ ያፍራሉ። ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ያዙ። ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ። ስትሰጡም ለእመቤቲቱ ስጡ።» ከመርካቶ ያነሰ ጊዜ በፈጀ ገበያ ሁሉንም ገዛን።

ጮቄ፦ ባዶ መሬት የሚባል የለም

ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ወደ ጮቄ ተራሮች ይወስዳል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎች ብዙ ወንዞች ከዚህ ይነሡና ዞረው ዓባይ ይገባሉ። ገብስና ድንች ዳገቱን ይዞ ይወጣል፤ ከእሱ በላይ ጓሳና ጅብራ ነው። ጅብራ ለዓመታት ሳያብብ ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ረጅሙን አበባውን አውጥቶ ይደርቃል። ጉም በመካከላቸው ሲያልፍ ከሩቅ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ።

የመጽሔቱ ባልና ሚስት እዚህ ቢመጡ የሚያቆሙበትን ቦታ ወዲያው አየሁት፦ ለጥ ያለ፣ ለምለም፣ ማንም የሌለበት መስክ። እኛ መጀመሪያ ሰው ፈለግን። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ በትከሻቸው ያጋደሙ አባት በግ ወደ ቤት ሲነዱ አገኘንና እዚያ ማደር ይቻል እንደሆነ ጠየቅን።

አባት መስኩን አይተው ሣቁ። «እሱማ የሚታጨድ ሣር ነው። በሬው በጋውን በምን ይውላል?» አሉ። ለእኛ ባዶ የመሰለን ቦታ መንደሩ ክረምቱን በሙሉ ከከብት ጠብቆ ያሳደገው ጎተራ ነበር። አንድ ሌሊት የቆመ መኪና የሚጨፈልቀው የአንድ ሰው ሳምንት ነው።

ቀጥለው የተናገሩት ግን ከሣሩ ይበልጥ ገባኝ። «ሳትነግሩን ብታድሩና ክፉ ነገር ቢያገኛችሁ የሚጠየቀው ይህ መንደር ነው። ከነገራችሁን ግን እንግዳ ናችሁ።» በድሮው ጊዜ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ አውጫጭኝ ተጠርቶ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ መቀመጥ ነበረበት። ሥርዓቱ አሁን ባይኖርም ስሜቱ አለ። በመሬቴ ያደረ ሰው አደራዬ ነው የሚል ስሜት ነው።

እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሥራ ነው። በማስታወቂያ ላይ በትልቁ ከምንጽፋቸው ቃላት አንዱ «ነፃ» ነው፤ የምንጽፈው ሰዎች ደግሞ ሂሳቡን የሆነ ሰው እንደሚከፍለው እናውቃለን። በጎጃም ነፃ ማደሪያ አለ። ሂሳቡን የሚከፍለው ሌሊቱን በአንድ ጆሮው ተኝቶ የሚያድረው ባለቤት ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ክፍያ ቀን ሳይመሽ ደርሶ፣ ከመኪና ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ማን እንደሆናችሁ መናገር ነው። አያቶቻችን ደጅ ላይ ቆመው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይሉ ነበር፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል። ድንኳን ወይም አባዱላ መያዝ ይህን ሥርዓት አያስቀርም።

መኪናችንን ግቢያቸው አስገቡት። ለእግራችን የሞቀ ውሃ መጣ፤ ቀጥሎ የገብስ ቂጣና ድንች ወጥ። ቡናውን እኔ ከእመቤቲቱ ጋር አፈላሁ። ቦቢን በተመለከተ ፍርዱ ግልጽ ነበር፦ የቤቱ ሁለት ውሾች እንግዳ አይወዱም፣ ጅብም ከአጥሩ ውጭ አለ፣ ስለዚህ ከመኪና አይወርድም። በብርድ ልብስ ጠቅልለን በመካከላችን አስተኛነው። በዚያ ብርድ ማን ማንን እንዳሞቀ አላውቅም።

ጠዋት አባት ስለ ቦቢ ክትባት ጠየቁኝና ካርዱን አሳየኋቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀይ ቀበሮ ቀድሞ በጮቄ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ጠፍቷል። እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኖሪያው ጠቧል። ቀበሮዎቹ በተረፉባቸው በባሌ ተራሮች ደግሞ ከሰው ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ ወደ ደጋ ተራሮቻችን ውሻ ይዛችሁ ስትወጡ ክትባትና ማሰሪያ የግድ ነው። ለበግ ግልገሎችም፣ ለእረኛ ልጆችም፣ ለዱር እንስሳም።

ወደ ጣና

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፣ እንዲያልቅ ግን አትፍቀዱለት። ደምበጫን አልፋችሁ ፍኖተ ሰላም ትደርሳላችሁ። እንጅባራ አካባቢ ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ ዘንገና አለ፤ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ በዛፍ የተከበበ ክብ ሐይቅ። ምሳችንን እዚያ በላን። አካባቢው የአዊ አገው ነው፤ ጉዟችሁ ጥር 23 ላይ ከዋለ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል ታገኛላችሁ።

ጣና ዳር ስትደርሱ የመጽሔቱን ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ፣ ውሃው ጫፍ ላይ ማደር ግን አይሆንም። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል የሚገኝ ነገር አይወድም። ቢልሃርዚያ ስላለ አትዋኙ። ከጮቄ ብርድ ወጥታችሁ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርዳችኋልና የወባ ትንኝም ይጠብቃችኋል፤ አጎበር ያዙ። እኛ ከአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ለመኪና ማቆሚያ ጥቂት ከፍለን፣ ዘበኛውን አስፈቅደን ሦስት ሌሊት አደርን። ንጋት ላይ የታንኳ ቀዛፊዎች በጭጋጉ ውስጥ ሲያልፉ ቦቢ አንድም ጊዜ አልጮኸም፤ ጆሮውን አቁሞ ያይ ነበር።

ገዳማቱን ከውሻ ጋር ለማየት ተራ መግባት ያስፈልጋል። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀርብም፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም፣ መኪናችሁንም ከቅጥሩ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ዘጌ ላይ፣ በቡናው ጫካ ጥላ፣ አንዳችን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ስናይ ሌላችን ከቦቢ ጋር ቆየን። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት በዚያ ቀን ውሻ የመጠበቁ ተራ ያለ ክርክር የእኔ ሆነ። የተነገረኝን ሰምቼ ያላየሁትን አሰብኩ፤ እሱም አንድ የጉዞ ዓይነት ነው።

ስትነሡ

የመኸር ዝናብ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል፤ አረንጓዴው ሳይጠፋ መንገዱ ይደርቃል። ከ10 ሰዓት በኋላ አዲስ መንገድ አትጀምሩ፤ ማደሪያ የሚጠየቀው ፀሐይ ሳለ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን አስባችሁ ሰው ግቢ ሥጋ አትጥበሱ። ቆሻሻችሁን በከረጢት ይዛችሁ ውጡ። በአንድ ቤት ከአንድ ሌሊት በላይ አትቆዩ፤ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። የቤቱን ስልክ ተቀበሉና አገራችሁ ስትገቡ በሰላም መድረሳችሁን ንገሯቸው።

እኛም ለጮቄው አባት ደወልን። ዛሬም በየበዓሉ እንደውላለን። መስመሩ የማይሠራባቸው ወራት ነበሩ፤ በእነዚያ ወራት ያቺ አንድ ሌሊት ያደርንባት ግቢ ምን ያህል የእኛ እንደሆነች አወቅን። መስመሩ ሲመለስ አባት መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጆቻችን ነው፤ ቀጥለው ስለ ውሻው። «መንገዱ ሲቀና ኑ፤ ሣሩ ታጭዶ ይጠብቃችኋል» አሉን።

ፍኖተ ሰላም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። እስከዚያው መልካም ዝግጅት።