በርሜሉና ስልኩ

ድሬዳዋ ውሃ የምታጠራቅም ከተማ ናት። ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከለገሐሬ እስከ ገንደ ቆሬ በየግቢው በርሜልና ጀሪካን ተደርድሮ ይታያል። ቧንቧው ሲመጣ ይሞላል፤ ሲጠፋ ይቀዳል። በርሜሉ የቤተሰቡ አለኝታ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ግን ይኸው በርሜል ተከሳሽ ሆነ። የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከተማዪቱን አጥለቅልቆ ከ40 ሺህ በላይ ተጠርጣሪ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሠርቶ አደሩ በመገጣጠሚያ ቁርጥማት ተይዞ ከመኝታው መነሣት ተሳነው። በሽታውን የምታዛምተው ትንኝ በቀን የምትነክስ፣ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ናትና የቆመው ውሃ ይደፋ፣ በርሜሉም ይከደን ተባለ።

ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። ከጂቡቲ የተመለሱ ወገኖች በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለይቶ ማቆያ ገቡ። አሁን ደግሞ በየደጃፉ ውሃ ይቀመጥ፣ እጅ ይታጠብ ተባለ። አምና ውሃዋን እንድትደፋ የተመከረች እናት ዘንድሮ እንድታስቀምጥ ተመከረች። ሁለቱም ምክር እውነት ነው። ሁለቱን አስታርቆ የሚያስረዳት ከሌለ ግን እውነቱ ራሱ ግራ ያጋባል።

በዚያ ወቅት የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለቱን የምርመራ ውጤት በማኅበራዊ መገናኛ ገጻቸው ይገልጹ ነበር። ስልክ የደወለም ሁሉ ከጥሪው አስቀድሞ የጥንቃቄ መልእክት ይሰማ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያችው ስልክ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በሽታውን ያድናሉ የሚለው ወሬም ጎረፈ። ሐሰተኛ መረጃን ለመግታት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በዚያው መጋቢት ወጣ። በጸጥታ መደፍረስ ሳቢያ ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ግን ከሐሰቱ ጋር እውነቱም ለሳምንታት ተዘጋ።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ እንዲህ ያለ መገናኛ አልነበረም። ሆኖም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ የማጠን ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ወጥቶ ስለ ሠራው ነው፤ ቃሉ በእጅ ሥራ ጸንቷል።

እንግዲህ ስልክ ቃልን ያደርሳል እንጂ ለበርሜሉ ክዳን አይገዛም፤ የደረቀውንም ቧንቧ አይከፍትም። የድሬዳዋ ሰው በአንድ ጨዋታ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እያፈራረቀ ይግባባል። መምህሩ፣ ካድሬውና የኪነ ጥበብ ሰው የጤናውን ቃል በዚሁ አንደበት ተቀብለው ወደ ግቢው ሊያዘልቁት ይገባል። ገብተውም ከመናገራቸው በፊት በርሜሉን ይዩት፤ ለምን እንደ ተሞላና ለምን ክዳን እንዳጣ እናቲቱን ይጠይቋት። የነገው ወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ መታመን አለመታመኑ በዚያ ጥያቄ ይወሰናል።