ለተማሪዎቼ ያለብኝ እርማት

ውድ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ አሥራ አንደኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳችሁ፣ ዛሬ አንድ እርማት አለብኝ።

ስለ እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ስንማር፣ ክፍሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ጣል የማደርጋት ታሪክ ነበረች። የፓርላማው ወታደሮች አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጣሪያው ላይ ያሉትን የእንጨት መላእክት በጥይት እንደደበደቡ፣ እርሳሱም ክንፋቸው ውስጥ ተሰክቶ እንደቀረ። በእጄ እያነጣጠርኩ ሁሉ ነበር የማሳያችሁ። አንድ ልጅ "ቲቸር፣ መላእክቱ ምን አደረጓቸው?" ብሎ የጠየቀኝን አልረሳም።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ገባሁ።

ልጄ የምትኖረው ሰፎክ ነው። "አባዬ፣ ያ የምትተርከው ቤተ ክርስቲያን እኮ ከዚህ ቅርብ ነው" ብላ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ብላይዝበራ ትንሽ መንደር ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ለመንደሯ ፈጽሞ አይመጣጠንም፤ ከረግረጉ በላይ እንደ መርከብ ተገትሯል። "የረግረጉ ካቴድራል" ይሉታል። የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብላይዝበራ የወንዝ ወደብና ገበያ በነበራት ጊዜ ነው። በኋላ ወንዙ በደለል ተሞላ፣ ንግዱም ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ቀረ።

ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት አግዳሚ ወንበሮቹን ነው። ጫፍ ጫፋቸው ላይ የሰው ምስል ተቀርጿል። ስንፍና አልጋው ላይ ነው። ስስት ገንዘብ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሆዳምነት ቦርጩን ታቅፏል። ሰካራሙ እግሩ በግንድ ተጠርቋል። ሐሜት ምላሱን አውጥቷል። ምእመኑ ኃጢአቱን አጠገቡ አስቀምጦ ነበር ስብከት የሚሰማው ማለት ነው! ሌላም አለ፤ ከ1682 ዓ.ም. (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ደወል የሚመታ ጢማም የእንጨት ሰውዬ። ክርስትና ማንሻው የድንጋይ ገንዳ ግን ያሳዝናል፤ ዙሪያውን የነበሩት ምስሎች ተፈልፍለው ጠፍተዋል።

ከዚያ ቀና አልኩ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያውን ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እዚያ የሚያዩን ፊቶች ናቸው፤ እዚህ ደግሞ ክንፋቸውን ግራና ቀኝ የዘረጉ መላእክት ከጣሪያው አግዳሚዎች መሐል ላይ ተሰልፈዋል። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም።

"እነዚህ ናቸው የተተኮሰባቸው" አልኩ ለልጄ፣ እንደ አስጎብኚ ደረቴን ነፍቼ። አጠገባችን አበባ ስታስተካክል የነበረች አንዲት አሮጊት ሰማችኝና ፈገግ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊልያም ዳውሲንግ የሚባል፣ ከቤተ ክርስቲያን ምስል እንዲያስወግድ የተሾመ ፒዩሪታን እውነትም ሚያዝያ 9 ቀን 1644 እዚህ መጥቷል። ሃያ መላእክት ይውረዱ ብሎ ማዘዙን ራሱ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል። ትእዛዙ ተጻፈ፣ መላእክቱ ግን አልወረዱም። እርሳሱም እውነት ነው፤ በ1970ዎቹ ጣሪያው ሲታደስ እንጨቱ ውስጥ ተገኝቷል። ሲመረመር ግን ዓይነቱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑ የድሮ ሒሳብ መዝገብ ሲገለጥ ደግሞ ለባሩድና ለእርሳስ የወጣ ወጪ አለ። ለምን? ጣሪያው ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ትንንሽ ቁራዎችን ለመግደል!

በቃ። ወታደር የለም፣ ጦርነት የለም። ወፍ ነው።

ሳቅኩ፣ ግን ውስጤ አልሳቀም። ዳውሲንግ ጥሩ ሰው ነበር እያልኩ አይደለም፤ በምሥራቅ እንግሊዝ ስንት ጥበብ አስፈርሷል። ግን ያደረገውን በገዛ እጁ ጽፎልናል፣ በቂ ነው። እኔ ደግሞ ያላደረገውን ጨምሬበት ስንት ዓመት ሙሉ ለልጆች አስተማርኩ። ለምን? ታሪኩ ስለሚያምር። አላጣራሁም፤ ማጣራቱን ሳስበው እንኳ ታሪኩን እንዳላጣው ፈራሁ መሰለኝ። ምላሱን ያወጣው ወንበር አጠገብ ቆሜ ነው ይህን ያሰብኩት።

ስንመለስ ልጄ መኪናዋን እየነዳች ዝም ብላ ቆየችና "አባዬ፣ እኔም እኮ ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ" አለችኝ። እሷም መምህርት ናት።

ያኔ ነው ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት። ከእናንተም መምህራን የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ያቺን ታሪክ ከእኔ ወስዳችሁ ከሆነ አደራ፣ አርሙልኝ። ከእኔ የሰማችሁትን ሌላውንም ቢሆን ከመድገማችሁ በፊት አጣሩት፤ አልቀየማችሁም።

"መላእክቱ ምን አደረጓቸው?" ያልከኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ መልሱ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው፦ ምንም አላደረጉም። የተተኮሰው ወፍ ላይ ነው፤ እነሱ መሐል ተገኝተው ነው።